የፀጉር ሥራ ሰልጣኞች እጅ «ይለምዳል» እየተባለ አይበላሽ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ፀጉር ሥራ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፋሽኑ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሠሪዎቹ እጅ፣ በተለይ ስለ ጀማሪዎቹ እጅ ልጻፍላችሁ። ሙያውን ሠርቼበት አሁን የማሰለጥን ሴት ነኝ። የማየው ነገር ዝም አያሰኝም።

ጀማሪ ስትገባ መጀመሪያ የሚሰጣት ሥራ ፀጉር ማጠብ ነው። ቀላል ነው ተብሎ። ለመማር ቀላል ይሁን እንጂ ለእጅ ከዚህ የከበደ የለም። ነባሮቹ ይቆርጣሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ልጅቷ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከመታጠቢያው አትላቀቅም፤ ሙቅ ውሃ፣ ሻምፖ፣ ማለቅለቅ፣ ፎጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ራስ። ሻምፖ የተሠራው ቅባት እንዲያወጣ ነው፤ የደንበኛዋን ፀጉር አንዴ ነክቶ ይታጠባል፣ የልጅቷን እጅ ግን ቀኑን ሙሉ ያገኘዋል። ቆዳችን እርጥበቱን ይዞ የውጭውን ነገር የሚከላከለው በዚያው ቅባት ስለሆነ፣ እሱ ተጠርጎ ሲያልቅ መከላከያው ፈረሰ ማለት ነው። የሙያ ጤና ባለሙያዎች በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እጅ ውሃ ውስጥ ከቆየ ወይም ከ20 ጊዜ በላይ ከታጠበ ለቆዳ አደገኛ ነው ይላሉ። ሥራ በበዛበት ቀን ጀማሪ ይህን ከምሳ በፊት ትጨርሰዋለች።

የሚጀምረው በጣቶች መሃል ነው። እዚያች ስስ ቦታ ላይ ቆዳው ይደርቃል፣ ትንሽ ይላላጣል፣ ይቀላል። ቀለበት ካለ ሥሩ ሳሙና ይዞ ያሳክካል። ቀጥሎ አንጓው ላይ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ጣቷን ስታጥፍ ደም ይወጣል፣ ሻምፖው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ያቃጥላታል፣ እሷ ግን ደንበኛ እንዳያይባት ፎጣ ስር ትደብቀዋለች። ስትናገር የሚመለስላት ደግሞ «አይዞሽ፣ እጅሽ ይለምዳል» ነው።

አይለምድም! እንዲያውም የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። በተሰነጠቀው ቆዳ ቀለሙና ብሊቹ (የፀጉር ማንጫው) እንደ ልብ ይገባሉ። ጥቁር ቀለም ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ፓራፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ የሚባለው፣ ዋናው የአለርጂ ምክንያት ነው። አለርጂው ተንኮለኛ ነው፤ ለወራት ወይም ለዓመታት ምንም ሳይል ቆይቶ አንድ ቀን ይነሳል፣ ያውም ቀለሙን ከነካሽ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ፣ ስለዚህ ምን እንደነካሽ እንኳ አታውቂም። አንዴ ከያዘ በአብዛኛው የዕድሜ ልክ ነው። ብሊች ውስጥ ያለው ፐርሰልፌት የሚባል ኬሚካል ደግሞ በቆዳ ብቻ አያበቃም፣ ትንፋሽም ያሳጥራል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ገና ሳይመረቁ ሙያውን ጥለው ሲሄዱ አይቻለሁ። ያንገበግባል።

መፍትሔው እኮ በእጃችን ነው። ጓንት! ግን ለቀለም ብቻ አይደለም፣ ለማጠብም ጭምር። ብዙ ቦታ የሚቀረው ይሄ ነው። ከተፈጥሮ ጎማ የሚሠራው የላቴክስ ጓንት ራሱ አለርጂ ያመጣል፣ አንዳንድ ኬሚካልም ያሳልፋል፤ ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራው ይሻላል። ክንዱ ረዘም ያለ ይሁንና ጫፉን ወደ ውጭ እጠፉት፣ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ። እጅ በደንብ ሳይደርቅ አይጠለቅ። ደግሞ እባካችሁ፣ በቀለም የተበከለ ጓንት አውልቆ፣ ገልብጦ መልሶ ማጥለቅ ይቅር። ቀለሙን በገዛ እጅ ቆዳ ላይ ለጥፎ እንደ መዋል ነው።

ጓንት ውስጥ ሰዓታት መዋልም እጅን በላብ ስለሚያርስ ሥራው መፈራረቅ አለበት፤ አንዷን ልጅ ቀኑን ሙሉ ማጠቢያ ላይ መትከል ነውር ነው። ቀለም የምትቀቡትን ፀጉር መጀመሪያ ቁረጡ፣ ቀለም በኋላ፤ ትኩስ ቀለም የተቀባ ፀጉር ሲቆረጥ ባዶ እጅ ይነካዋልና። ሽታ የሌለው ክሬም ሥራ ሳይጀመር፣ በእረፍትና ማታ ይቀባ። ክሬም ግን ጓንትን አይተካም።

በልጅነቷ ኤግዚማ (ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሳክክ ሕመም) የነበረባት ሰልጣኝ ከሌላው በላይ ተጋላጭ ናት። ይህን ስትናገር ልትባረር አይገባም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጥንቃቄ ሊደረግላት ነው የሚገባው። እጅሽ በእረፍት ቀን ተሽሎት ሥራ ስትገቢ ከባሰበት ደግሞ ሥራው ነው፣ አትጠራጠሪ። ከፋርማሲ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ራስሽ ገዝተሽ ወር ሙሉ አትቀቢ፤ ቆዳውን ያሳሳዋል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የምትሠሪባቸውን ምርቶች ስም ፎቶ አንስተሽ ያዢ። ጀርባ ላይ ተለጥፎ ሁለት ቀን የሚቆይ የአለርጂ ምርመራ አለ፤ የትኛው እንደሚጎዳሽ የሚለየው እሱ ነው።

የፀጉር ቤት ባለቤቶች «ጓንት ይዛችሁ ኑ» ማለታችሁን አቁሙ። ጓንት የሥራ ዕቃ ነው፣ ልክ እንደ መቀሱና እንደ ካስኩ፤ በየልኩ መግዛት የናንተ ፈንታ ነው። የአውሮፓ የፀጉር ቤት አሠሪዎችና ሠራተኞች ማህበራት እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሙያው ጤና ስምምነት ሲፈራረሙ እጅን ከውሃና ከኬሚካል መጠበቅ አንዱ ዋና ጉዳይ ነበር። ማሰልጠኛዎችም ብንሆን የእጅ ጥበቃን በመጀመሪያው ሳምንት እናስተምር፣ ፈተና ላይም ነጥብ ይኑረው።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። የቆዳ ሐኪም ጋብዛችሁ የሰልጣኞችን ጥያቄ ብታስመልሱልን? የኔ ተማሪዎች ጥያቄ ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላል፣ በፈለጋችሁ ቀን ሰብስቤ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፀጉር ሥራ አሰልጣኝ