ደብዳቤ ለልጄ፦ የአንደኛ ደረጃ በጀት የት ነው ያለው?

የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ረቂቅ አነበብኩት። አባትሽም አይቶታል። እሱ እንኳ ስምሽን ሽፋኑ ላይ አይቶ «ጎበዝ!» ብሎ ነው የመለሰልኝ።

የኛና የኬንያ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚያወጡትን ማወዳደርሽ ደስ ብሎኛል። ግን ሁለተኛው ሰንጠረዥ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የኛን አሃዝ ያመጣሽው ከፌዴራሉ በጀት «ትምህርት» ከሚለው መስመር ነው። እሱ እኮ በአመዛኙ የዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ነው! አዘዞ አንደኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት ደመወዝ እዚያ የለም። የእሷ ያለው «ለክልሎች ድጋፍ» በሚለው ጥቅል ውስጥ፣ ክልሉ ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ከክልል ወደ ወረዳና ወደ ከተማ አስተዳደር በብሎክ ግራንት (ለምን እንደሚውል ሳይነጠል በጥቅሉ በሚሰጥ ገንዘብ) ይወርዳል። ከዚያ ምክር ቤቱ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል ብሎ ያጸድቃል። ስለዚህ የኛን ለማግኘት ከታች ወደ ላይ መደመር ነው ያለብሽ። አሰልቺ ነው፤ ፋይናንስ ቤት ዕድሜዬን የፈጀሁት እሱን ስደምር አይደል?

ኬንያ ሌላ ነው። በ2010 (በነሱ አቆጣጠር) ሕገ መንግሥታቸው ለካውንቲ፣ ማለትም ለአካባቢ አስተዳደራቸው፣ የተሰጠው ቅድመ መደበኛው ነው። አንደኛ ደረጃው በናይሮቢ፣ በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ቀርቷል። የመምህራኑንም ደመወዝ የሚከፍለው አንድ አገር አቀፍ ኮሚሽን ነው። የነሱን ከብሔራዊው በጀት ብቻ ታገኚዋለሽ። እንግዲህ አንቺ የኛን ዩኒቨርሲቲ ከነሱ አንደኛ ደረጃ ጋር ነው ያወዳደርሽው።

ከጠቅላላው ድምር ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ገንዘቡ ትምህርት ቤት የሚደርስበት መንገድ ነው። ፕሬዚዳንታቸው የነበሩት ኪባኪ በ2003 (በነሱ አቆጣጠር) አንደኛ ደረጃን በነፃ ሲያደርጉ ለአንድ ተማሪ በዓመት 1,020 ሽልንግ ተመደበ። 650ው ለመጽሐፍና ለመማሪያ ቁሳቁስ፣ 370ው ለሌላው ወጪ። በሁለት የተለያየ የባንክ ሂሳብ፣ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ። ልጁ እንዲህ ጎረፈ፤ ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ የ84 ዓመት አዛውንት ሳይቀሩ አንደኛ ክፍል ገብተዋል። ክፍሉም ተጨናነቀ፣ እሱንም ጻፊው።

እኛ ጋ ደግሞ የወረዳውን በጀት ደመወዝ ይበላዋል። ለሥራ ማስኬጃ የምትተርፈው ትንሽ ናት። ጠመኔ ሲያልቅ፣ አጥር ሲወድቅ ርእሰ መምህሩ ወላጅ ይሰበስባል። የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ሁለቱ ክፍሎች በመዋጮ ነው የተሠሩት፤ እኔም አባትሽም ከፍለናል። ይህ የትኛውም የመንግሥት መዝገብ ላይ የለም። ኬንያም ሃራምቤ ብለው በሕዝብ መዋጮ የሠሯቸው ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። የወላጅን ኪስ ቢያንስ በአንድ አንቀጽ አንሺው።

አንደኛ ደረጃ ስትዪም እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ለይ። ሁለቱም አገሮች ከ8 ወደ 6 ዝቅ አድርገውታል፤ ዓመቱ ካልገጠመ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ሆዴን የሚበላኝ ግን ለተማሪ ያካፈልሽበት ዓምድ ነው። ክልላችን ውስጥ ከ2015 (በኛ አቆጣጠር) ማብቂያ ወዲህ በግጭቱ የተዘጋው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ደመወዝ እየተከፈለ ልጆቹ ቤት ከቀሩ፣ ለአንድ ተማሪ የወጣው ብር ከፍ ይላል። በሰንጠረዥሽ አማራ ክልል ለልጆቹ አብዝቶ የሚያወጣ ይመስላል። መምህራንሽ ይህን ቁጥር አይተው «መሻሻል ታይቷል» እንዲሉ አልፈልግም። ወይ ግርጌ ላይ አስረጂ፣ ወይ እነዚያን ዓመታት ለብቻ አውጪያቸው።

አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ። የደመወዙን ዓምድ እኔ አየዋለሁ። በርበሬውን ሰኞ በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ ስልክሽን እንዳታጠፊ።

እናትሽ
ጎንደር