እማዬ፣ ስለ መድኃኒቱ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዴልሂ ሙቀቱ ጀምሯል። የሰናይት ልጅ ፊደል መቁጠር ጀመረ አሉ። ፎቶውን አየሁት፤ ቁርጥ አባዬን።

ሐኪሙ ለሕመምሽ ያዘዘልሽን ሞርፊን አልወስድም ማለትሽን ሰማሁ። «ሱስ ነው» ብለሻል አሉ። ከመሬት ተነስተሽ አልፈራሽም። እኔም እዚህ የማጠናው የሱኑ ታሪክ ነው። ሞርፊን የሚወጣው ከኦፒየም ነው፤ ኦፒየም ፖፒ ከሚባል ተክል ፍሬ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ ኦፒየምን በሕግ ጠፍንገው ይዘውት ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1773 ጀምሮ የቤንጋል ግዛቱን ኦፒየም የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚባለው የንግድ ኩባንያቸው ለብቻው ያዘው። ገበሬው ያለ ፈቃድ አይዘራም። ቀብድ ይቀበልና ምርቱን በሙሉ እነሱ በቆረጡት ዋጋ ያስረክባል። በፓትናና በጋዚፑር ከተሞች ይዘጋጃል፤ በሣጥን ታሽጎ ካልካታ ላይ ለጨረታ ይቀርባል። ቻይና ከልክላ ነበር። ኩባንያው ይህን እያወቀ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው በኮንትሮባንድ ያስገባል። በ1839 ሊን ዘሹ የሚባል የቻይና ሹም ከ20,000 ሣጥን በላይ ወርሶ ቢያስወግድ፣ እንግሊዝ ጦር ላከችባቸው።

ያ ሁሉ ፈቃድና ማኅተም የሚጠብቀው ገቢውን እንጂ ሰውን አልነበረም። ባነበብኩት ቁጥር እበግናለሁ። እንግሊዝና ቻይና ወደ ቻይና የሚላከውን በየዓመቱ ለመቀነስ የተስማሙት በ1907 ነው። በ1912 ደግሞ ሆላንድ ሄግ ላይ አገሮች የተፈራረሙት ውል ሞርፊን ለሕክምናና ለሕጋዊ ጥቅም ብቻ እንዲውል አለ። ዛሬ ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሰጥሽ በዚያ መንገድ በመጣ ሕግ ነው። የአንቺ ተለክቶ፣ ለሕመምሽ የታዘዘ ነው እማዬ።

አባዬም «ሱስ ይሆንበታል» ተብሎ ነው ያልተሰጠው። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ትሉኝ ነበር። መርዶውን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። «ፈተና ላይ ነሽ ብለን ነው» አላችሁኝ። ለእኔ አስባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሌሊት ሌሊት ይጮህ እንደነበር የነገረችኝ ጎረቤት ናት። ይህ እስካሁን አልወጣልኝም።

መድኃኒቱ ሆድ ያደርቃል። ውኃ ጠጪ፤ ሐኪሙ ለሱም የሚሆን ይስጥሽ። እንቅልፍ ካበዛብሽ ሰናይት ቶሎ ትደውልለት። ሕፃኑ እንዳያገኘው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት። ወገቤን አመመኝ ላለሽ ሁሉ ቀንሰሽ እንዳትሰጪ፤ አውቅሻለሁ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። ከዚያ በፊት ልምጣ? ለምን እንደምጠይቅሽ ይገባሻል። ትኬቱን እያየሁ ነው።

እሑድ ስደውል ስልኩን አንቺው አንሺው። «ደህና ነኝ» እንዳትይኝ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደርሽ ንገሪኝ።

ልጅሽ