የአክስትህ ልጅ ባቡር ሳትሳፈር

ወንድሜ፣ እንደምን አለህልኝ?

ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። አንተም ጠፍተሃል፤ ተቻችለን እንለፈው። ደግሞ ብር ሊበደረኝ ነው ብለህ እንዳትደነግጥ።

የአክስትህ ልጅ ልታገባ ነው፤ መቼም ሰምተሃል። ሰርጉ እንዳለቀ ባቡር ተሳፍራ ጅቡቲ፣ ባሏ ጋ። ደስ ብሎኛል፣ ወላሂ። ግን ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ያለው ሱቄ ግማሹ እሷ ስልክ ውስጥ ነው። የቴሌግራም ቻናሉን የከፈተችው በራሷ ቁጥር ነው። ከጅግጅጋ ድረስ መጋረጃ የሚታዘዘው እዚያ ላይ ነው። እኔ ተራ አድሚን ነኝ። በገዛ ሱቄ፣ አቦ!

ስልኩን ደግሞ ለታናሿ ትታላት ልትሄድ ነው። ታናሿን ታውቃታለህ፤ ውሎዋ ቲክቶክ ላይ ነው። አንድ ቀን ደንበኞቼ መጋረጃ እናያለን ብለው ሲከፍቱ ጭፈራ ይጠብቃቸዋል።

ቻናሉን ወደኔ ማዛወር ይቻላል። ግን የቻናሉ ባለቤት እሷ ስለሆነች፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚሉትን፣ ከኮዱ ሌላ የሚጠየቀውን ፓስወርድ፣ ካበራች 7 ቀን መሙላት አለበት። የምታዛውርበት ስልክ ላይም ከገባች 24 ሰዓት ማለፍ አለበት። አካውንት የነጠቀ ሌባ ቻናሉን ወዲያው እንዳይወስድ ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው፣ እኔን ግን አጣደፈኝ። ጅቡቲ ደርሳ በአዲስ ስልክ ልግባ ብትል፣ ኮዱ እዚህ በቀረው ስልክ ላይ ይመጣል። ከዚያ የታናሿን ደጅ መጥናት ነው።

ሌላው ቀላል ነው። የቴሌብሩ ፒን ካልኩሌተሩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፣ በእሷ ጽሕፈት፤ እሱን እለውጣለሁ። የሱቁ ጂሜይል ላይ ግን ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም። መልሶ ማግኛ ተብሎ የተመዘገበው የእሷ ቁጥር ነው። ያንን ትቼ ብቀይር፣ ሲሙን የያዘ ሰው «ፓስወርድ ረሳሁ» ብሎ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩም ይወጣል፣ የገባችባቸው ስልኮችም ሎግ አውት ይደረጋሉ።

የቸገረኝ አፌን መክፈት ነው። ትናንት ልነግራት ባንኮው ጋ ሄጄ ቆምኩ። «ጋሼ፣ ምን ፈለጉ?» አለችኝ። «ውሃ» አልኩ። ጠርሙሱ እጄ ላይ ነበር።

እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ስንት ዓመት ካዝናዬን ያመንኳት ልጅ፣ በሰርጓ ሰሞን «ቁልፌን መልሺ» ስላት ምን ይሰማታል? ለእሷም እኮ ይሻላታል። ነገ አንድ ነገር ቢጎድል «እሷ ጋ ነበር» እንዳይባል። ይሄንን እኔ ስለው ጥርጣሬ ይመስላል፤ አንተ ስትለው የወንድም ምክር ነው። እንዳትስቅ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውልላት። ቱ ስቴፑን ታብራ፤ ፓስወርዱን ለእኔም ለታናሿም አትንገር፣ የራሷ አካውንት ነው። ቀኑ ሲሞላ ሱቅ ውስጥ አብረን ቁጭ ብለን ታዛውርልኛለች። እስከዚያ ስልኩን ለማንም አትስጥ።

ለሰርጉ ትመጣለህ አይደል? ሆቴል ብትይዝ እቀየምሃለሁ፣ ሳቢያን ቤት አለህ። ሙቀቱን ግን እኔ አልቀንስልህም።

ከደወልክላት በኋላ ምን እንዳለች ጻፍልኝ። ከተቆጣችም ጻፍልኝ።