ምስጥ ለበላው የማንበቢያ ቤታችን ግድግዳ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ጎረቤቶቻችን፣

የልጆቻችን ማንበቢያ ቤት የጓሮ ግድግዳ በምስጥ ተበልቷል። ከውጭ ላየው ምንም አልሆነም፤ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ያነቃን መስኮቱ አልዘጋ ማለቱ ነው። አናጢው ልስኑን አንስቶ ቋሚውን እንጨት በካቻቪቴ ነካ ሲያደርገው፣ ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ ራሱ በሠራው የአፈር መተላለፊያ ይወጣና የእንጨቱን ለስላሳ ክፍል እየመረጠ በቁመቱ ይበላል። ላዩን ስስ ቅርፊት ስለሚተወው እንጨቱ ጤነኛ ይመስላል።

«ልስኑን መልሰን ቀለም ብንቀባውስ?» ያላችሁን ሰምተናል። ግን ይህ ግድግዳ ጣራ ተሸካሚ ነው፤ በልስን የሚሸፈን ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ባለሙያ ምስጡን ያጠፋል፤ አለበለዚያ አዲሱ እንጨት ቀለቡ ነው የሚሆነው። ምስጥ እርጥበት ስለሚወድ፣ ግድግዳው ሥር ውሃ የሚያፈሰው አሸንዳም ይቀየራል። ከዚያ ጣራው በጊዜያዊ ድጋፍ ይያዛል፤ ይህ ሳይሆን አንድም ቋሚ አይቆረጥም። ጥቂት የተነካው ቋሚ አዲስ እንጨት ጎኑ ተደርቦ ይታሰርለታል፤ ውስጡ ባዶ የሆነው ይወጣል። ከሥር የሚጋደመው እንጨት በፀረ ምስጥ መድኃኒት የታከመ ሆኖ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከአፈር ከፍ ይላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባው የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ልጆች በሚውሉበት ቤት ውስጥ ሽታውም፣ እሳት ቢነሣ የሚያመጣውም መዘዝ ስላሳሰበን አልተቀበልነውም።

ገንዘብ የምትሰጡ ለኮሚቴው ሒሳብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የገባውም የወጣውም በማንበቢያ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። እንጨት የምትሰጡ ደግሞ ቀጥ ያለና የደረቀ ይሁንልን። ከፈረሰ ቤት የወጣ ከሆነ፣ ምስጥ ይዞ እንዳይገባ አናጢው ሳያየው ወደ ግቢው አይግባ። ሙያ ያላችሁ አንድ ቀን ስጡን፤ ሙያ የሌለንም ልስን እናነሣለን፣ ፍርስራሽ እናወጣለን።

ሥራው እስኪያልቅ መጻሕፍቱን የሚያስቀምጥልን፣ ደረቅ ክፍል ያለው ሰውም እንፈልጋለን። ካርቶኖቹን የሚሸከሙ ወጣቶች አሉን።