ልጄ ሲፈዝ አንተን አየሁ

ያሬ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? አራት ዓመት ጠፍቶ እንደምን ከረምክ ማለት ድፍረት ነው። እማማ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብልህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ዛሬ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ ስል ቀኑ ነጎደና አፈርኩ። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን ይማርልን። ስንገናኝ ፊት ለፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ አሁን ግን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጉዳዬ በረከት ነው። አንተ ስታየው አምስት ዓመቱ ነበር፣ እግርህ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ጋቢህን አለቅም ያለው። አሁን ዘጠኝ ሞላው።

ይፈዛል ያሬ። ጉርሻውን ይዞ እጁ መንገድ ላይ ይቀራል። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ይተከላል። ትጠራዋለህ፣ አይሰማም። አስተማሪው አስጠርቶኝ «ልጅህ ወንበሩ ላይ አለ እንጂ ክፍል ውስጥ የለም» አለኝ። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። እናቱ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቀችው። እኔ ደግሞ... እንዴት ብዬ ልጻፈው። መታሁት። የቤት ሥራው ላይ ፈዞ ሳገኘው በጥፊ መታሁት። አላለቀሰም። ከሩቅ አገር እንደተመለሰ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ያቺን አስተያየት ከዚያ በፊት አንድ ሰው ላይ ነው ያየሁት፤ አራተኛ ክፍል፣ መስኮቱ ጥግ፣ አንተ ላይ። ያኔ ስትመታ ሁላችንም ሳቅን። «ፈዛዛው» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣልህ ጠይቀኸኝ አላውቅም አልኩህ። እኔ ነበርኩ።

ይኼን እዚህ ላይ ልሰርዘው አስቤ ነበር። ተውኩት፣ ይሁን።

ደብረ ማርቆስ ያየው ሐኪም «ምናልባት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ መሬት ላይ ሳይጥል ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚያፈዝ ዓይነት አለ» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ላከን። ወደ 300 ኪሎ ሜትሩን መንገድ እንዴት እንደሄድነው አልነግርህም። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ስንወርድ በረከት በመስኮት ሸለቆውን እያየ ጭልጥ ብሎ ጠፋ፣ እናቱ ደግሞ እኔን ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች። ለምርመራው እንቅልፍ ማጣት አለበት ስለተባለ ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ቤት ውስጥ ተረት እየነገርነው አነጋን።

ጠዋት ራሱ ላይ ቅባት እየቀቡ 20 ያህል ሽቦ ለጠፉበት። ኢኢጂ ይሉታል። ከጭንቅላት የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ነው የሚለካው፣ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚቆጠር፣ እዚህ ግባ የማይባል ነገር። «ዓይንህን ጨፍን» አለችው ባለሙያዋ። ያሬ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ስክሪኑ ላይ ተበታትኖ የነበረው መስመር ከኋላ በኩል ተስተካክሎ መወዛወዝ ጀመረ፣ ጤፍ ማሳ ላይ ነፋስ ሲያልፍ እንደሚመጣው ያለ። በሰከንድ 9 ጊዜ። «ግለጥ» አለችው። ጠፋ። «ጨፍን»። መጣ። አልፋ ነው የሚባለው አለችኝ፤ ሰው ነቅቶ ግን አርፎ ሲቀመጥ የሚመጣ፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመታ ሞገድ። እኔ ግን ልቤ ሌላ ሞገድ እየጠበቀ ነበር። የሚፈራው በሽታ ቢሆን በሰከንድ 3 ጊዜ የሚመጣ፣ እሾህ እሾህ የሚመስል ስለት ያለው መስመር ይታያል ብለውናል። እሱን ለመቀስቀስ ሦስት ደቂቃ በኃይል አስተነፈሱት፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አበሩበት። ስለቱ አልመጣም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልመጣም።

ከዚያ ዶክተሯ አንድ ነገር ጠየቀችን። «ሲፈዝ ትከሻውን ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ይመለሳል?» እኔና እናቱ ተያየን። አናውቅም። ጮኸንበት፣ መታነው እንጂ ቀስ ብለን ነክተነው አናውቅም። በሽታው ከሆነ እስኪያልፍ ድረስ ብትነካውም አይመለስም፤ ሐሳብ የወሰደው ልጅ ግን ይመለሳል አለች። ማታውኑ ሞከርኩ። ፈዞ ሳለ ጣቴን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። «አቤት አባ» አለኝ። ወጥቼ በረንዳ ላይ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ስለዚህ ነገር አነባለሁ። ሞገዱን መጀመሪያ ከሰው ጭንቅላት የቀዳው ሐንስ በርገር የሚባል የጀርመን የአእምሮ ሐኪም ነው፣ በፈረንጆቹ 1924፣ የና በምትባል ከተማ። ለአምስት ዓመት ሳያሳትመው ቆየ፣ 1929 ላይ ነው ያወጣው። እሱን ወደዚህ ያመጣውን ስሰማ አንተ ትዝ አልከኝ። በወጣትነቱ ውትድርና ላይ ሳለ ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ከሞት ተረፈ። የዚያኑ ቀን ማታ ከቤት ቴሌግራም ደረሰው። እህቱ አንድ ነገር ሆኗል ብላ ስለተጨነቀች ነበር አባቱ የላኩት። የኔ ፍርሃት እንዴት እሷ ጋ ደረሰ ብሎ ዕድሜ ልኩን ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ፈለገ። ያንን አላገኘም፣ ያገኘው አልፋን ነው።

ሌላም አለ። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው፣ ጉልበታችንን ግን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ቁጭ ብለህ ምንም ሳትሠራም ያው ነው። ከባድ ነገር ስትሠራ የሚጨምረው ትንሽ ነው። እንዲያውም ሥራ ስታቆም የሚበረቱ የአንጎል ክፍሎች አሉ። ማርከስ ሬይክል የሚባል አሜሪካዊ በ2001 ነው ከጓደኞቹ ጋር ስለነሱ የጻፈው። ትዝታ፣ ነገ ምን እሆን ይሆን የሚል ሐሳብ፣ እገሌ ምን ተሰምቶት ይሆን የሚል፣ ሳንጠራው የሚመጣ ሁሉ ከነዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አልፋውም ሐሳብህ ወደ ውስጥ ሲዞር ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅና ብርሃን ገታ ያደርግልሃል ይላሉ፣ በር ገርበብ እንደማድረግ። እንቅልፍ ሲያንገላጅጅህ ደግሞ አልፋው ይሰባበርና ቴታ የሚባል ቀርፋፋ ሞገድ ይተካል፣ ያኔ ነው ያልጠራኸው ሥዕል ዓይንህ ላይ የሚመጣው። በሐሳብ መጥፋትን የሚያሳየው የትኛው ነው በሚለው ላይ ግን ተመራማሪዎቹም አንድ ቃል የላቸውም። አንዱ አልፋ ይላል፣ ሌላው ቴታ።

አዲስ ሐሳብ አምጡ የተባሉ ሰዎች ላይም አልፋው ከፍ ሲል በተደጋጋሚ ታይቷል። ይኼን ባነበብኩ ሌሊት ዲማ ትዝ አለኝ። አጎትህ ከትምህርት ቤት አስወጥተው ቅኔ ቤት ያስገቡህ ጊዜ፣ ከእማማ ጋር በሶ ይዘን መጥተን ነበር። ወይራው ሥር ደበሎህን ተከናንበህ ተቀምጠህ አገኘሁህና «ያሬ!» ብዬ ልጮህ ስል አንድ የማላውቀው ተማሪ አፌን ያዘኝ። «ዝም በል፣ ቅኔ ቆጠራ ላይ ነው» አለኝ፤ በልቡ ቅኔ እየሠራ ነው ማለቱ ነበር። ያን ያህል አክብሮት! እኛ ክፍል ውስጥ ያስመታህ መፍዘዝ እዚያ ሰው አፍ አስይዞ የሚያስጠብቅ ነገር ሆነ። ማታ ለየኔታ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃናህን ስትነግር እኔ ምኑም አልገባኝም፤ የኔታ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ግን አየሁ።

ዶክተሯን መጨረሻ ላይ «ታዲያ ምንድን ነው የሚያስበው?» አልኳት። ማሽኑ ያንን አይነግርም አለችኝ፤ ማዕበሉን ያሳያል እንጂ በጀልባው ላይ ማን እንዳለ አያሳይም። ልጄን ስጠይቀው ደግሞ «ምንም» ይለኛል። የመታሁት ሰው ነኝ፣ ምን ይንገረኝ?

አንተ ግን ታውቀዋለህ። እዚያ ኖረህበታል። እባክህ አናግረው። አትምከረው፣ አታስተምረው፣ ዝም ብለህ አንተ በመስኮቱ በኩል ምን ታይ እንደነበር ንገረው። እኔም እኮ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩህም። ልማድህን አውቃለሁ፣ ደብዳቤ ሲደርስህ ሳትከፍተው ሳምንት ኪስህ ይዘህ ትዞራለህ፤ ይኼን ግን እንደደረሰህ አንብብልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነን። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ስትደውል እኔ አላነሳም፣ እሱ እንዲያነሳው ነግሬዋለሁ። «አያ ያረጋል ይደውልልሃል» ስለው «ጋቢ ያለው?» አለኝ።

ይበልጣል