ደብዳቤ ለልጄ፦ ጠፍሩን ከእጅሽ አትፍቺ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽ ግን ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ቅዳሜ ገበያ ውላ ዘጌ የተመለሰችው ጎረቤታችን ገና ከጀልባ ሳትወርድ «ልጃችሁ መውለዷን እንዴት ትደብቁናላችሁ! ጎህ ሲቀድ ሕፃኑን በጋሪ እየገፋች በጣና ዳር ስትሮጥ አየኋት» አለቻት። እናትሽ ለገንፎ የሚሆን ዱቄት መንፋት ጀምራ ነበር። ጋሪው ላይ ያለው የውኃ ጀሪካንና ብርድ ልብስ መሆኑን የነገረን ወንድምሽ ነው። ዱቄቱ ያው እንደተነፋ ቀረ።

ባሕር ዳር ተነስተሽ ጎንደር ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መኪና ሳይከተልሽ፣ ስንቅሽንም ልብስሽንም ራስሽ እየገፋሽ ልትሮጪ ነው አሉ። አልከለክልሽም። ብከለክልሽስ መች ትሰሚኛለሽ? የእናትሽ ልጅ አይደለሽ! አንድ ነገር ብቻ፦ ቁልቁለት ላይ ጋሪውን ከእጅሽ እንዳትለቂ።

ዳገቱን አልፈራልሽም፤ ሲደክምሽ ትቆሚያለሽ። ቁልቁለት ሲሆን ግን ሯጩ ጭነቱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን፣ ያንን 70 ኩንታል ገደማ ብረት፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ሲያስጎትቱ ሕዝቡ መሳብ ብቻ አልነበረም ሥራው፤ ገደል ሲወርዱ በጠፍር ወደ ኋላ መያዝም ነበረበት። አንቺ ደግሞ ብቻሽን ነሽ።

አጎትሽ የሚያነክሰው በቅሎ ጥላው ነው ብለን ነበር የነገርንሽ። በቅሎ መች ኖሮን ያውቃል? ባሕር ዳር ስንኖር እሱ 12፣ እኔ 17 ዓመቴ፣ በኩሽኔታ ጋሪ ከቤዛዊት ኮረብታ አጣና እናወርድ ነበር። እሱ ከፊት ይመራል፣ እኔ ከኋላ ገመድ ይዤ አዘገያለሁ። ገመዱን እጅህ ላይ ጠምጥመው ተብዬ ነበር። መዳፌን ላጠኝና በጣቶቼ ብቻ ያዝኩት። መታጠፊያው ላይ ላቤን ልጠርግ አንድ እጄን አነሳሁ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የኩሽኔታውን ጩኸት ነው። አጣናውን ከላዩ ሳነሳለት አላለቀሰም። «ጋሪው ተሰበረ እንዴ?» ነበር ያለኝ። ጋሪው የሰው ነበር።

ስለ ልምምድሽ ልጽፍ ተቀምጬ ይኸው ምሽቱ ነጎደ።

መጀመሪያ ባዶውን ግፊው፤ ክብደቱን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። 10 ሊትር ውኃ 10 ኪሎ ነው፣ ወገብሽ ይወቀው። ከባድ ከባዱን ከታች፣ ወደ ኋላው ጎማ አስጠግተሽ ጫኚ። የፊቱ ጎማ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ቆልፊው። በአንድ እጅ ግፊ፣ እጅሽን እያቀያየርሽ፤ በሁለቱም ከያዝሽ ትከሻሽ ይደርቃል። ባለ 16 ኢንች የልጆች ብስክሌት ካላማዳሪያ ሁለት ግዢ፤ ብስክሌት በሞላበት ከተማ ተቀምጠሽ ጎማ ተነፈሰብኝ እንዳትይኝ። መጠገኑንም ሳትለምጂ አትነሺ። መኪናው ፊት ለፊት እንዲመጣልሽ ግራውን ያዢ። ፎገራ ላይ ካደርሽ አጎበር አይለይሽ፣ የወባ አገር ነው። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ከቤትሽ ንቅንቅ እንዳትዪ፤ ጎንደር የትም አይሄድም።

በፍሬኑ አትመኪ። ፍሬን ይበጠሳል። ቁልቁለት ላይ እንዳትለቂ፣ ሰማሽኝ?

ሁለት ኪሎ ቡና ልኬልሻለሁ፣ ለአክስትሽ ግማሹን ስጪ። ከቡናው ሥር ያለውን ጠፍር አንዱን ጫፍ እጀታው ላይ፣ ሌላውን የእጅሽ አንጓ ላይ እሰሪው። አጎትሽ ነው የሠራው። ስለ ጋሪሽ ስነግረው ምንም ሳይናገር ወጣ፤ በማግስቱ ይዞት መጣ። አዲስ ስለሆነ ይልጣል፣ ቅቤ ቀቢው።

አባትሽ