የመሬት አዋጅ የኋላ ታሪክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሰበታና በቡራዩ ዙሪያ በእርሻ መሬት የሚከራከር ሰው ብዙ ጊዜ አዲሱን አዋጅ ብቻ ይዞ ይቀርባል። አይበቃም። መሬቱ በተሰጠበት ዓመት ይሠራ የነበረው ሕግ የትኛው ነው? የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130/1999 ከርዕሱ ጀምሮ ቀደምቶቹን አዋጆች 56/1994ን፣ 70/1995ንና 103/1997ን ለማሻሻል መውጣቱን ይናገራል፤ ወደ ኋላ የሚወስደው ክር ያ ነው። ቀጥሎ በመጨረሻዎቹ አንቀጾች ስለ ተሻሩ ሕጎችና ስለ መሸጋገሪያ የተጻፈውን ማየት ነው። ዓመቱ ግን ያሳስታል፤ ያው አዋጅ በእንግሊዝኛው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ 130/2007 ስለሚባል ሌላ የሚመስላቸው አሉ። ስለዚህ በቁጥሩ ይፈልጉ። አንቀጹ ለምን እንደገባ የሚያስረዱት የረቂቁ ሐተታ ዘምክንያት (ሕጉ የወጣበትን ምክንያት የሚያብራራው ጽሑፍ) እና የጨፌው፣ ማለትም የክልሉ ምክር ቤት፣ ቃለ ጉባኤ ናቸው። ጨፌው እነዚህን ከአዋጁ ጋር አብሮ ለሕዝብ ቢያወጣልን ብርቱ ልመናችን ነው።

ከሰበታ